ጅብ አገር አድጌ ካዮቲ ናቅኩ

ያደግኩት ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው። ማታ ማታ ጅብ ከአጥራችን ጀርባ እየጮኸ ያልፋል፣ እኛ ደግሞ እንቅልፋችንን እንለጥጣለን። እንዲህ አድጌ ካሊፎርኒያ መጣሁና ካዮቲ የሚባለውን አውሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ሳቄ መጣ። ከቀበሮ ከፍ፣ ከተኩላ ዝቅ ያለ ቀጫጫ ነገር ነው። ቢመዝን ከ9 እስከ 20 ኪሎ ነው። "ይሄ ነው እንዴ የምትፈሩት?" አልኩ። የኔ ስህተት የጀመረው እዚያች ሳቅ ላይ ነው።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ፣ ግድ የለም። ውሻ ይዛችሁ ራቅ ያለ የባህር ዳርቻ ላይ ድንኳን ልትተክሉ ያሰባችሁ ካላችሁ ግን የኔን ጩኸት ቀድማችሁ ብትሰሙት ይሻላል።

ውሻችን ቡቺ ይባላል። አዎ፣ ቡቺ። ሌላ ስም አላጣሁም፣ ግን ውሻ ማለት ለኔ ቡቺ ነው። በኮሮናው ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጄ ስትጨነቅ ከመጠለያ አመጣነው። 5 ኪሎ የማይሞላ ቺዋዋ ቅልቅል ነው። እናቴ በቪዲዮ አይታው፣ "ውሻ? ቤት ውስጥ? ሶፋ ላይ?" ብላ ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት። ለሁለት ሳምንት ስለሱ ማውራት አልፈለገችም።

የምንኖረው ኦክላንድ ነው። ሜይ አጋማሽ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ባለቤቴ ቅዳሜና እሁድ ሥራ ስለነበረባት እኔ፣ የ12 ዓመት ልጄና ቡቺ ሎስት ኮስት ወደሚባለው ቦታ ሄድን። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን የመኪና መንገድ ያላቋረጠው የባህር ዳርቻ ነው። የካሊፎርኒያን ዳር ይዞ የሚወጣው ሃይዌይ 1 እንኳን እዚያ ሲደርስ ተስፋ ቆርጦ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ተራራው በቀጥታ ባህር ውስጥ የገባ ይመስላል። ኪንግ ፒክ የሚባለው ጫፍ ከ1,200 ሜትር በላይ ነው፣ ከባህሩ የሚርቀው ግን 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ። ቦታው ከ1970 ጀምሮ ኪንግ ሬንጅ በሚል ስም በፌዴራል መንግሥት ይጠበቃል። እኛ ያረፍነው በሰሜኑ ጫፍ፣ የማቶል ወንዝ ባህር በሚገባበት ዳርቻ ባለው ካምፕ ነው።

ከመነሳቴ በፊት አንድ ነገር ብቻ በትክክል ሠራሁ። ውሻ ይፈቀድ እንደሆነ አጣራሁ። ኪንግ ሬንጅ ይፈቀዳል። ከሱ በስተደቡብ ያለው የሲንኪዮን ስቴት ፓርክ ግን በእግር መንገዶቹ ላይ ውሻ አያስገባም። ሁለቱ ቦታዎች ጎን ለጎን ስለሆኑ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

አርብ አመሻሽ ላይ ደረስን። ነፋሱ ድንኳን ይዞ የሚበር ነበር። እንደምንም ተከልን፣ ጥብስ ሠራን። አጥንቱን እሳቱ ውስጥ ጣልኩት፣ ይቃጠላል ብዬ። አልተቃጠለም። የቡቺን ምግብ በሳህኑ አድርጌ ከድንኳኑ ውጭ ተውኩለት፣ ሌሊት ቢርበው ብዬ። ቤት እንደዚያ ነው የምናደርገው።

እኩለ ሌሊት ላይ ጩኸት ጀመረ። ቁጥራቸው ሃያ የሚሆን መሰለኝ። ልጄ ክንዴን ያዘች። "አይዞሽ፣ እኔ ጅብ ሰምቼ ነው ያደግኩት" አልኳት፣ ኮራ ብዬ። በኋላ የተረዳሁት፣ ሁለት ካዮቲዎች ብቻ ድምፃቸውን እየቀያየሩ ሲጮኹ መንጋ ይመስላሉ። ስለዚህ በጩኸት ብዛታቸውን መገመት አይቻልም፣ ርቀታቸውንም በነፋስ ውስጥ መለየት ከባድ ነው።

ጠዋት የቡቺ ሳህን ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ተልሶ፣ አሸዋ ላይ ተገልብጦ አገኘሁት። አጥንቱም የለም። አሸዋው ላይ የውሻ የሚመስል ዱካ ነበር፣ ከውሻ ግን ጠበብና ሞላላ ያለ፣ እንደ ተሰመረ መስመር ቀጥ ብሎ የሚሄድ። እኔ ምን አልኩ? "ራኩን ነው"፣ ሌሊት ምግብ ፍለጋ የሚዞረው ትንሽ አውሬ። ሳህኑን አጥቤ አስቀመጥኩ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይቺ ጠዋት ናት። አውሬው በግልጽ ደብዳቤ ጽፎልኝ ሄዶ ነበር። በዚያች ሰዓት ዕቃዬን ሰብስቤ ቦታ ብቀይር ወይም ቢያንስ ምግቡን ሁሉ መኪና ውስጥ ብቆልፍ ኖሮ የሚቀጥለው አይመጣም ነበር። ምግብ ያገኘ ካዮቲ ይመለሳል፣ ሲመለስም ፍርሃቱን ትቶ ነው።

ቅዳሜ ቀን በዳርቻው ወደ ደቡብ፣ ፑንታ ጎርዳ ወደሚባለው አሮጌ የመብራት ቤት ተጓዝን። በ1912 ተሠርቶ በ1951 የተዘጋ፣ ብቻውን የቀረ ትንሽ ነጭ ቤት ነው። ከካምፑ አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል። አሸዋው ግን ሻካራ፣ ድንጋዩ ክብ ክብ ነው፣ ሁለት እጥፍ ያደክማል። ቡቺ ግማሽ መንገድ ላይ ማነከስ ጀመረ። ለውሻ እግር የሚሆን ጫማ ይሸጣል፤ ሳየው ቅንጦት ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ሁለት ጥንድ አለን።

ስለ ባህሩ ጣልቃ ልግባ፣ ምክንያቱም እዚያ አገር ከካዮቲ ይልቅ ሰው የሚገድለው ውሃው ነው። ከመብራት ቤቱ በስተደቡብ ባህሩ ሲሞላ ጨርሶ የማይታለፉ ረጃጅም ቦታዎች አሉ፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ማዕበል። ባህሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት አትሞ ሳይዙ መሄድ እብደት ነው። በዚያ ላይ ባህሩ ረጭ ብሎ ቆይቶ ድንገት ከሌሎቹ በጣም ርቆ የሚመጣ ማዕበል አለ። ውሻችሁን ቢወስደው ተከትላችሁ እንዳትገቡ። ይሄ ጭካኔ አይደለም። ውሻውን ለማዳን የገባ ሰው ሰምጦ ውሻው ራሱ ዋኝቶ የወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ለልጆቻችሁም ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚሮጡት እነሱ ናቸው።

ወደ ካዮቲው ልመለስ። በመልሱ ጉዞ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ከዳርቻው በላይ ባለው ሣር ላይ አንዱ ብቅ አለ። አልሸሸም፣ አልቀረበምም። ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ ከኛ ጋር እኩል ይራመዳል። ስንቆም ይቆማል። ቡቺ ሲጮህበት እሱም አጭር፣ የታፈነ ጩኸት ይመልሳል። ልጄ፣ "አባዬ፣ መጫወት ፈልጎ ነው!" አለች። እኔ ደግሞ ቪዲዮ ለማንሳት እንዲመቸኝ የቡቺን ገመድ ለቀቅ አደረግኩለት። ገመዱ እንደ ሜትር እየተተረተረ የሚረዝመውና ቁልፍ ሲጫኑት የሚቆመው ዓይነት ነው። ቡቺ አምስት ሜትር ያህል ወደ ዳገቱ ወጣ። ካዮቲው አንገቱን ዝቅ አደረገ።

ያ አውሬ መጫወት አልፈለገም። እየሸኘን ነበር። ጥንዶቹ የሚገናኙት በብርዱ ወራት፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው፣ ግልገሎቹም ኤፕሪልና ሜይ ላይ ይወለዳሉ። እኛ የሄድነው ልክ ጉድጓድ ውስጥ ጨቅላ ባለበት ወቅት ነው። በዚያ ጊዜ ውሻ ለነሱ እንደ ተራ መንገደኛ አይታይም፤ ግልገል ሊበላ የመጣ ባላንጣ ነው። ስለዚህ ከሰፈራቸው እስኪወጣ ድረስ ከጎኑ ይሄዳሉ። እንዲህ ዓይነት ሸኚ ከገጠማችሁ ውሻውን አሳጥራችሁ ያዙ፣ ትንሽ ከሆነ አንሱት፣ ፊታችሁን ወደ ካዮቲው አድርጋችሁ በቀስታ ከቦታው ውጡ። ጉድጓዱ የት እንዳለ ስለማታውቁ እሱን ለማባረር ወደሱ አትሂዱ። ቪዲዮውም ይቅርባችሁ።

ካዮቲ ውሻን አታሎ ወደ መንጋው ይወስዳል የሚባል ወሬ አለ። እኔም ስሰማው ኖሬያለሁ። በኋላ ያነጋገርኩት የአካባቢው ጠባቂ ግን ሳቀና፣ "አያታልልም። ውሻ ያባርረዋል፣ እሱ ወደ ቤቱ ይሸሻል። ቤቱ ደግሞ ሚስቱ አለች" አለኝ። ነገሩን ከዚያ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አልጠየቅኩበትም።

እሁድ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቡቺ አላስተኛኝ አለ። ሽንቱ መጥቷል። ገና ሰማዩ ግራጫ ነው። በካልሲ ወጣሁ። ባትሪ አልያዝኩም፣ ፊሽካ አልያዝኩም፣ ዓይኔም ግማሹ ተዘግቷል። ያን የሚተረተር ገመድ ይዤ ቆምኩ፣ ቡቺ ደግሞ ባህሩ የተፋው የግንድ ክምር ጀርባ ገባ። አምስት ሜትር ብቻ። አምስት ሜትር ግን በጨለማ የኔ አልነበረም።

ጩኸቱን መግለጽ አልችልም። ገመዱ በአንድ ጊዜ ተወጠረ። በእጄ ልስበው ስሞክር ቀጭኑ ክር መዳፌን ሰነጠቀው። ዞሬ ስደርስ ካዮቲው ቡቺን ከጀርባው ነክሶ ይነቀንቀዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ በአማርኛ ነበር፣ "ሂድ! ጥፋ ከዚህ!" እያልኩ አሸዋ በእግሬ በተንኩበት። ለቀቀው። ግን አልሄደም። አስር እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ፣ ከኋላውም ሁለተኛው ነበር።

እዚህ ላይ የመጨረሻውን ስህተት ሠራሁ። ቡቺን አንስቼ ሮጥኩ። የሚሮጥ ነገር ለአውሬ ምን እንደሆነ ጅብ አገር ያደገ ሰው ሊነገረው አይገባም ነበር! ሁለቱም ተከተሉኝ። ያዳነችን ልጄ ናት። ከድንኳኑ ወጥታ የጥብሱን ድስት በክዳኑ ትቀጠቅጠው ጀመር፣ እየጮኸች፣ ሳትሸሽ፣ ወደነሱ አንድ ሁለት እርምጃ እየሄደች። ዞሩ፣ ዳገቱን ወጡ፣ ጠፉ። ማን እንዳስተማራት ጠየቅኳት። ትምህርት ቤት ነው አለችኝ። አትሩጡ፣ ትልቅ ምሰሉ፣ ጩኹ። እኔ የሳቅኩበትን አውሬ እሷ ተምራበት ነበር።

እንዳትደነግጡ ልጨምር። ካዮቲ ሰውን ሲገድል በሰሜን አሜሪካ የሚታወቀው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ በ1981 እዚሁ ካሊፎርኒያ ውስጥ የ3 ዓመት ሕፃን፣ ሁለተኛው በ2009 ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ብቻዋን በእግር ትጓዝ የነበረች የ19 ዓመት ወጣት ናት። በደንብ የቆመና የጮኸ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል። ትንሽ ውሻ ግን በነሱ ዓይን ወይ ምግብ ነው ወይ ጠላት።

ቡቺን በጋቢዬ ጠቀለልኩት። ደሙ ብዙ አልነበረም፣ ጀርባው ላይ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ይታያሉ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀላል ነው" አልኩ። ላቅፈው ስል አውራ ጣቴን ነከሰኝ። በጭራሽ ነክሶኝ የማያውቅ ውሻ ነው። የተጎዳ እንስሳ ጌታውን አያውቅም፤ መንካት ካለባችሁ ፊቱን በጨርቅ ሸፈን አድርጉ።

ስልክ አይሠራም። ካምፑ ውስጥም፣ መንገዱ ላይም። እኔ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም የት እንዳለ ቀድሜ አልፈለግኩም። ልጄ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋ ይዛ፣ እኔ ያን ጠመዝማዛ መንገድ እየነዳሁ፣ ፈርንዴል የምትባለው ከተማ ስንቃረብ ስልኩ ነፍስ ዘራ። የተከፈተ ክሊኒክ ለማግኘት አራት ቦታ ደወልኩ። እሁድ ነው። እባካችሁ፣ ከቤት ሳትወጡ እሁድና ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ስልክና አድራሻ በወረቀት ጻፉ። ካርታውንም ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አውርዱት።

ሐኪሟ ፀጉሩን ስትላጨው ነገሩ ሌላ ሆነ። ካዮቲ ነክሶ ሲነቀንቅ ቆዳው ትንሽ ይቀደዳል፣ ከሥር ያለው ሥጋ ግን ይለያያል። ከላይ አራት ቀዳዳ፣ ከሥር የእጄን መዳፍ የሚያህል ክፍተት። በማደንዘዣ አጥባ ሰፋችው፣ ፈሳሹ የሚወጣበት የጎማ ቱቦ ከተተችለት። 2,400 ዶላር። የእንስሳ ኢንሹራንስ ሲነገረኝም ስቄ ነበር። ትንሽ ነው ብላችሁ የንክሻ ቁስልን እቤት አታቆዩ፣ ሥሩ ያመረቅዛል።

ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተከትቧል? ተከትቧል። ወረቀቱስ? ኦክላንድ፣ መሳቢያ ውስጥ። ባለቤቴ ጋ ደወልኩ፣ ከሌሊት ሥራ ገና መግባቷ ነው። "አለሁ፣ አትደንግጥ፣ አሁን ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ" አለችኝ። ያቺ ወረቀት የቡቺን ዕጣ ወሰነች። ክትባቱ ስላላለፈበት ያኔውኑ ተጨማሪ ተወጋ፣ ለ30 ቀን ከቤት ሳይወጣ ክትትል ተደረገበት። ያልተከተበ ውሻ አውሬ ቢነክሰው ግን ለወራት ይታሰራል፣ ወይም እንዲገደል ይወሰናል። እኔንም ሐኪሟ የተሰነጠቀ መዳፌንና የተነከሰ ጣቴን አይታ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እንድታጠብ አደረገችኝ፣ ከዚያም በዚያው ቀን የሰው ሐኪም ዘንድ ላከችኝ። በምራቅ የራሰ ውሻ ስታነሱ ጓንት አድርጉ። አገር ቤት ይህ በሽታ ምን እንደሚያደርግ የምናውቅ ሰዎች ነን።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮን ደጋግሞ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ከሰው ውሻ የተላለፈ ነው። ውሻችሁን ስታስከትቡ የምትጠብቁት እሱን ብቻ አይደለም።

ማታውኑ እናቴ ጋ ደወልኩ። ትቆጣለች፣ ወይም "ውሻ ነው፣ ተወው" ትላለች ብዬ ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "አንተ ልጅ፣ እኛ ቤት ጅብ ሲጮህ በጉ የት ነበር?" አለችኝ።

"ውስጥ።"

"አህያዋስ?"

"ውስጥ።"

"እና አሁን ምን ነካህ?"

መልስ አልነበረኝም። ጅብ አጥራችን ጀርባ ሲያልፍ ተኝቼ ያደርኩት ደፋር ስለሆንኩ አልነበረም። እናቴ ሳይመሽ ሁሉን አስገብታ በሩን ስለቀረቀረች ነው። እኔ እንቅልፉን ይዤ መጣሁ፣ በሩን ረሳሁት።

ቡቺ ዳነ። ጀርባው ላይ ፀጉር ያልበቀለበት መስመር አለ፣ ልጄ "ዚፑ" ትለዋለች። በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ሄድን፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ ግልገሎቹ ካደጉ በኋላ። የሚተረተረውን ገመድ ጥለን ከሁለት ሜትር ያነሰ ወፍራም ማሰሪያ ደረቱ ላይ አስረንለታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽንቱን ይሸናል፣ ከዚያ በኋላ ድንኳን ውስጥ ከኛ ጋር ነው። ሌሊት የግድ መውጣት ካለበት መጀመሪያ ግንባሬ ላይ ባትሪ አስሬ ዙሪያውን አያለሁ፣ ከዚያ እሱን። በእግር እየተጓዛችሁ ዳርቻው ላይ የምታድሩ ከሆነ ምግብ የሚቀመጥበት ድብ የማይከፍተው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ መያዝ እዚያ ግዴታ ነው። የውሻውም ምግብ እዚያው ይገባል፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳል። ጠዋት ደግሞ ፀጉሩን ገልጠን መዥገር እንፈልጋለን። ከወንዙ አፍ አጠገብ የሞተ ዓሣ እንዳይበላም እንጠነቀቃለን። በዚያ አካባቢ ጥሬ ሳልሞን ውሻን በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ለሞት ሊያደርስ የሚችል በሽታ ይሰጠዋል። ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው። ውሻችሁ ከጉዞ በኋላ ቢያስመልስና ቢያተኩሰው ለሐኪሙ የት እንደነበራችሁ ንገሩት።

ድስቱና ክዳኑ የሚያድሩት ድንኳኑ በር ላይ ነው፣ ልጄ በምትተኛበት በኩል።

እናቴ አሁንም ቡቺን በስሙ አትጠራውም። ስትደውል ግን ከሰላምታው ቀጥሎ የምትጠይቀኝ "ያ ውሻ ገብቷል?" ብላ ነው። እሷ ጋ መሽቷል። እኛ ጋ ገና ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ነው፣ ቡቺም ሶፋው ላይ ነው። "ገብቷል እማዬ" እላታለሁ።